በየሳምንቱ ጥቂት የራቀችው አክስት

ከፊቱ ፀጉር ቤት፣ ከኋላው መኖሪያ የሆነ አንድ ቤት ነበር። ሁለቱን የሚለየው መጋረጃ ሥራውን በቅጡ ሠርቶ አያውቅም፤ የደንበኛው ሐሜት ወደ ጓዳ፣ የጓዳው ጭቅጭቅ ወደ ደንበኛው እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር። የቤቱ እመቤት ፀጉር ሠሪ ናት። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰፈሩን ፍሳሽ ሁሉ ሲደፍን የሚውል፣ የገዛ ቤቱ በየት በኩል እንደሚያፈስ ግን ልብ ያላለ ደግ ሰው። ከእነሱ ጋር የፀጉር ሠሪዋ ታናሽ እህት ትኖራለች። እናትና አባት ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽየዋ ገና አፏን ያልፈታች ሕፃን ነበረች፤ ታላቅየዋ በጀርባዋ አዝላት የሰው ፀጉር እያጠበች፣ ከአፏ እየነጠቀች አሳደገቻት። ልቧ ከልጅነቷ በሽተኛ ስለነበረ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ በእህቷ ትከሻ እንቅልፍ የወሰዳት ጊዜ ቁጥር የለውም። አድጋም «እትዬ» ብላ ስትጠራት፣ እህቴ ማለቷ ይሁን እናቴ፣ ራሷም ለይታ አታውቀውም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ልጅቷ አለች፤ የፀጉር ሠሪዋና የቧንቧ ሠራተኛው አንድ ፍሬ። ሰፈሩ «ጭምቷ» ይላታል፣ ስለማትናገር። ሐኪሞች ኦቲዝም ነው አሉ። ሰፈሩ ግን ሐኪም ስላልሆነ በአንድ ምክንያት አልረካም፤ አንዱ የእናቷን ኃጢአት፣ ሌላው የአባቷን ዘር፣ ሦስተኛው የቴሌቪዥን ብዛት እያነሳ ሲጥል ከረመ። ጭምቷ የፀጉር መያዣዎችን በቀለም በቀለም ለይታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትደረድራለች፤ አንዱ ከቦታው ከተነሳ ዓለም እንደተናደባት ታለቅሳለች። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትወድቃለች። ማበጠሪያ ሲነካት ደግሞ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰባት ትጮኻለች። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ያሳመሩ እጆች የገዛ ልጃቸውን ፀጉር ማበጠር አቃታቸው! ይህን የመሰለ የእጣ ፈንታ ሽሙጥ ከየት ይመጣል? ጭምቷ ራሷን የምትሰጠው ለአክስቷ ብቻ ነበር፤ አክስቷ ማበጠሪያውን መጀመሪያ በራሷ ፀጉር ላይ፣ ቀጥሎ በጭምቷ እጅ ላይ፣ በመጨረሻ በጭምቷ ራስ ላይ ታደርገዋለች፤ ልጅቷም ዓይኗን ጨፍና ትችለዋለች።

ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነበር፤ ደወሉ ከፀጉር ቤቱ ይሰማል። እናት ልጇን ይዛ በየዓመቱ ትሄዳለች፤ ዳይሬክተሩ በየዓመቱ ወንበር ስበው ያስቀምጧትና ትምህርት ቤታችን እንዲህ ላሉ ልጆች ገና አልተዘጋጀም ይሏታል። «ገና»ን የመሰለ ጨካኝ ቃል አለ? «አይሆንም» የሚል ሰው በር ይዘጋብሃል፤ «ገና» የሚል ግን በሩ ላይ ያስረጅሃል። ጭምቷ ስምንት ዓመት ሞላት፣ ገና። እኩዮቿ ማንበብ ቻሉ፣ ገና።

በዚህ መሃል ጥናት መጣ። መነጽር ያደረጉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ የማይል ተመራማሪ፣ ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚላቸው፣ ኦቲዝም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል እንዴት እንደሚማሩ ሊያጠኑ ትምህርት ቤቱን ጠየቁ። ዳይሬክተሩ እንግዳ እንደሚመጣና ግድግዳው ቀለም እንደሚቀባ ሲሰሙ «ገና» ያሉት ነገር በአንድ ጀንበር ደረሰ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ልጆቹ ለአንድ ዓመት ከረዳት ጋር ይገባሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ያለ ረዳት መቀመጥ የቻለ ልጅ እንደ ማንኛውም ተማሪ ይመዘገባል፤ ያልቻለ ወንበሩን ይለቃል። ረዳት እንዲሆን ልጅቷ የምትቀርበው ሰው ቢገኝ ይመረጣል ሲባል፣ ታናሽየዋ የጀመረችውን የነርስነት ትምህርት አቋርጣ እኔ አለሁ አለች።

ዶክተሩ እናትየዋን ለማነጋገር ፀጉር ቤቱ ድረስ መጡ። እጇ እስከ ክርኗ በፀጉር ቀለም ተነክሮ ነበር። ከአሠራራችን አንዳንዱን ነገር ጥናቱ እስኪያልቅ ለወላጆች አንናገርም፣ ይህን አውቀው ይስማሙ እንደሆነ ነው የምጠይቀው አሏት። እሷም እየሳቀች፣ ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ እንጂ ምሥጢራችሁን ከነቁልፉ ዋጡት አለቻቸው። ደንበኞቹ ሳቁ፣ ዶክተሩም ሳቁ። ምሥጢሩ የምሁራን ቁጥርና ስሌት መስሏት ነበር። የገዛ እህቷ ምላስ ላይ የሚቆለፍ ቁልፍ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

የምሥጢሩ ነገር እንዲህ ነው። ረዳቶቹ ሲሠለጥኑ የተነገራቸው አንድ ከባድ ነገር ነበር፤ የእናንተ ሥራ መቅረብ ሳይሆን መራቅ ነው። መጀመሪያ ከልጁ ጎን እጅ ለእጅ፣ ቀጥሎ ክንድ የሚደርስበት፣ ቀጥሎ ከኋላው፣ ቀጥሎ በሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ከበሩ ውጭ፤ በየሳምንቱ ጥቂት እየራቃችሁ በመጨረሻ ከዓይኑ ትጠፋላችሁ። ልጁ ሲያለቅስ አደጋ ካላያችሁ አትሩጡ፤ መምህሩን ራሱ እስኪፈልግ ጠብቁ። ይህንንም ለወላጅ አትንገሩ፤ ወላጅ ስለ ልጁ ለውጥ በየጊዜው ይጠየቃልና፣ አሠራሩን ካወቀ ያየውን ሳይሆን የተመኘውን ይመልሳል። የተነገረው ቤተሰብ ከጥናቱ ይወጣል። ከጥናቱ የወጣ ልጅ ደግሞ ወንበሩ በስምምነቱ መሠረት የዚያኑ ቀን ያበቃል። ታናሽየዋ ይህን ሰምታ ቃል ገባች። አንድ ዓመት ዝም ማለት ለእሷ ምን ነበር? ጭምቷ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ የለ!

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ተረት ነበሩ። ጭምቷ በአክስቷ እጅ ተይዛ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ቀለም ትለያለች፣ ፊደል ትደረድራለች። ችግር የሆነው ከክፍሉ ጎን ካለው መጸዳጃ ቤት የሚመጣ የውሃ ፉጨት ብቻ ነበር፤ የሚያፈሰው ታንከር በተንሿሿ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ትወድቃለች። አክስትና መምህርት ተመካክረው አባትን ጠሩት። አባት የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ እየተመላለሰ ሲጠግን ሰነበተ፣ በነጻ። ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም። የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ በምርቃት ሲሠራ ኖሮ፣ ምርቃት ዳቦ አይገዛም ብላ ከእንግዲህ በነጻ እንዳይሠራ አስምላው ነበርና። እንዲህ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ሁለት ምሥጢር ገባ። ሦስተኛም ነበረ። የታናሽየዋ የልብ ክትትል የሚውለው ትምህርት ባለበት ቀን ነው። አንድ ጊዜ ሄዳ ብትመለስ ጭምቷ የገዛ እጇን ነክሳ አድምታ ጠበቀቻት። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት አልረገጠችም። ማንም አላወቀም። ደረጃ ስትወጣ የሚያቋርጣትን ትንፋሽ በሳል አስመስላ ታሳልፈው ነበር...

በፀጉር ቤቱ ማድረቂያ ካስክ ሥር ዘወትር የምትቀመጥ አንዲት ልብስ ነጋዴ አለች፤ ሰፈሩ «ዜና» ይላታል። ካስኩ ራሷ ላይ ሲያጓራ ሌላው የሚለውን ስለማትሰማ እሷ ብቻ ትናገራለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያላየችውን አልተናገረችም። ችግሯ ያየችውን ነገር ብቻውን መተው አለመቻሏ ነው፤ ያገኘችው ወሬ ሁሉ ጭራና ቀንድ ካላበቀለ አይጥማትም። አንድ ቀን ታዲያ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሳልፍ እህትሽን ከልጅሽ ራቅ ብላ ተቀምጣ አየኋት፣ ልጅቷ ግን ደህና ናት አይደል አለች። ልብ በሉ፣ ጥያቄ ብቻ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሳቀችና አለፈችው። ማታ ግን ልጇ በአክስቷ እጅጌ ላይ ተጠምጥማ ስትተኛ ስታይ፣ ከዚህ በፊት ደስ ይላት የነበረው ነገር ጎረበጣት።

ምሳ አደርሳለሁ ብላ ሄደች። በመስኮቱ ስታይ እህቷ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። ሌላ ጊዜ ሄደች፤ እህቷ በሩ ሥር። ሌላ ጊዜ ሄደች፤ እህቷ ከክፍሉ ውጭ ኮሪደር ላይ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች! እናት ማታ እንደ ዘበት ስትጠይቃት ታናሽየዋ ጭምቷ ደህና ናት፣ እየተሻላት ነው ብላ ፊቷን ትመልሳለች። የሚዋሽ ሰው ፊቱን ይመልሳል፤ የሚያስጨንቅ እውነት የያዘም ሰው ፊቱን ይመልሳል። ከኋላ ሆኖ ሲታይ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል?

ያቺ ክፉ ቀን መጣች። እናት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከክፍሉ የጭምቷ ልቅሶ ተሰማት። እርሳሷ ወድቆ ከቁም ሳጥኑ ሥር ገብቶባት ነበር። አክስት ከበሩ ውጭ ተቀምጣለች፤ ትሰማለች። አልተነሳችም። ይባስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናት ያየችው ይህን ነው። ያላየችውስ? ያላየችው፣ ጭምቷ የአክስቷን ፊት ካየች ወደ እሱ እንደምትሮጥ፣ ፊት የዞረውም ለዚህ እንደነበረ፤ ድምፅ እንዳይወጣት የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ እንደያዘች፤ ያልታከመው ልቧ ደረቷን ሊሰብር እንደሚመታ። እናት ገብታ ልጇን አቅፋ ስታወጣ፣ ጭምቷ አንድ እግሯን ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ አንስታ እንደነበር እንኳ አላስተዋለችም። ያ እግር ስንት ወር የተለፋበት ነበር!

በዚያው ሳምንት ዜና ካስኩ ሥር ሆና ሁለተኛውን ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ባልሽ ትምህርት ቤቱ ምን ሥራ አለው፣ ከእህትሽ ጋር ደጁ ላይ ቆመው ሲሳሳቁ አየኋቸው አለች። የፀጉር ሠሪዋ እጅ ደንበኛዋ ራስ ላይ ቀጥ አለ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ሌላ መልክ ያዘ። የባሏ ጫማ ላይ ያለው ጭቃ ምስክር ሆነ። የእህቷ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ምስክር ሆነ። ዝም ካሉ ተስማምተው ነው፤ ካወሩ ሊያታልሏት ነው። ጥርጣሬ ምስክር አጥቶ ያውቃል?

ባል ሲጠየቅ፣ ቧንቧ ነው የሠራሁት አለ። በነጻ? በነጻ። ምርቃት ዳቦ አይገዛም ብዬ አስምዬህ የለም ወይ ስትለው አንገቱን ደፋ። ቧንቧ እንደሆነ ትምህርት ቤቱም ያውቃል፤ እሷ ግን ሐሰቱን ያገኘችው አንገቱ ላይ ነበር። ከዚያ እህቷን መጋረጃው አጠገብ አቆመቻት። ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰሚ አልነበረም።

«ልጄ ስታለቅስ ፊትሽን አዙረሻል ወይስ አላዞርሽም?»

«አዙሬያለሁ።»

«ለምን?»

ታናሽየዋ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢወጣ እህቷ ታቅፋታለች፣ ነገሩ ሁሉ ያበቃል። ጭምቷ ግን በማግስቱ ወንበሯን ለቃ ወደ ፀጉር መያዣዎቿ ትመለሳለች፤ ወደ «ገና»። አፏን ዘጋች።

«እትዬ፣ ትምህርት እስኪዘጋ እመኚኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ታላቅየዋ መጋረጃውን ገለጠችላት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ያዘልኩሽ ጀርባዬ» አለች፣ «ገና ዛሬ አመመኝ።»

ታናሽየዋ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ሰብስባ ወጣች። ጭምቷ የቦርሳውን ማንገቻ ይዛ አልለቅ አለች፤ እናት ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ባል ተይ ብሎ ሊናገር ቢሞክር ለእሷ ጠበቃ መቆምህ ነው ተባለና፣ እሱም ፍራሹን ይዞ መፍቻና ቱቦ ወደሚያስቀምጥበት መጋዘን ሄደ። እናት ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብታ ረዳቷ ልጄን ትበድላለች ብላ ከሰሰች። ዳይሬክተሩ እናጣራለን አሏት፤ ማጣራታቸው ጉሮሯቸውን ከማጥራት አላለፈም። አንድ ጊዜ አሳላቸውና ረዳቷን አሰናበቱ። የልብስ ነጋዴዋ ዜናም ነገሩን ሰምታ ከልቧ አለቀሰች፤ ዕንባዋን ጠርጋም የታናሽየዋ ክፍል የሚከራይ እንደሆነ ጠየቀች።

ታናሽየዋ ዶክተሩን ሄዳ ለመነቻቸው። ለእህቴ እርስዎ ይንገሩልኝ አለች። ዶክተሩ ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ አዘኑ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ለአንዷ ከተናገርኩ የሁሉም መልስ ይበላሻል፣ የቀረው ጥቂት ወር ነው፣ ይታገሱ አሏት። ያለ እኔ ወንበሯ ይወሰድባታል ወይ ስትላቸው፣ ቤተሰቡ ምንም እስካላወቀ ድረስ ወንበሩ አይነካም አሉ። ይህን ሰምታ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። የተፈረደበት ሰው ፍርዱን አመስግኖ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። አንሶላው የሚሰጣው ፎቁ ላይ ነበር። ልቧ ግን ደረጃ የሚችል ልብ አልነበረም...

በትምህርት ቤቱ የአክስቲቱን ቦታ እናት ራሷ ያዘች። ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ዘግታ ከልጇ ጎን ትቀመጣለች። እጇን ይዛ ትጽፍላታለች፤ መምህርቷ ጭምቷን ስትጠይቅ እናት ትመልሳለች፤ እርሳሱ ሳይወድቅ ታነሳዋለች። ፍቅሯ እንደ ድርብ ብርድ ልብስ ነበር፤ ያሞቃል፣ ያፍናል። ብቻዋን መጸዳጃ ቤት ደርሳ መመለስ ጀምራ የነበረችው ልጅ እናቷ ከተነሳች የምትጮህ ሆነች። መነሳት ተወች፣ መጠቆም ተወች። እናትም ይህን እያየች፣ ያቺ ምን ብታደርጋት ነው እንዲህ የፈራችው እያለች ትረግማለች። የራሷን እጅ አሻራ የእህቷ ጥፋት አድርጋ አነበበችው።

ባል አንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከእንግዳ ማረፊያው ቧንቧ እንዲጠግን ተጠርቶ ሄዶ፣ ታናሽየዋን ደረጃው ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ ተቀምጣ አግኝቷት ነበር፤ ሐኪም ቤት ያስገባት እሱ ነው። ይህን ሊናገር እህትሽ ብሎ ሲጀምር ሚስቱ በሩን ዘጋችው። ከሁለት ቀን በፊት ዜና ሰውየውን ብርቱካን ይዞ ሐኪም ቤት ሲገባ አይታዋለች። ያለ ጉዳይ ብርቱካን የሚገዛ ባል የት ይገኛል? ዜና እንዳለችው ታሞ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም። በተዘጋው በር ፊት ሰውየው መፍቻ ቦርሳውን ይዞ ብዙ ቆመ። ስንቱን የዛገ ነገር ፈትቷል፤ ያንን በር ግን በምን ይፍታው?

ትምህርት ተዘጋ። ዶክተሩ ወላጆችን በአዳራሹ ሰበሰቡ። እናት ከኋላ ተቀመጠች፣ ጭምቷን በጉልበቷ ላይ አቅፋ። ዶክተሩ በዚያ ከፍ በማይል ድምፃቸው፣ ጥናቱ ስላለቀ አሁን የያዝነውን ልንነግራችሁ እንችላለን ብለው ጀመሩ። ረዳቶቹ በየሳምንቱ ጥቂት ይርቁ እንደነበር ተናገሩ። ከወንበሩ አጠገብ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኮሪደሩ። እናት ወንበሯ ላይ ተስተካከለች። ከሁሉም የከበደው ልጁ ሲያለቅስ ሳይነሱ መጠበቅ ነው፣ ብዙ ረዳቶች ይህን አልችልም ብለው ለቀዋል አሉ። አንዲት ረዳት ሻርፗን ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር፤ የእሷ ልጅ ከሁሉም ቀድማ ብቻዋን ወደ መምህርቷ መነሳት የጀመረች ነበረች፣ በሚያሳዝን ሁኔታ መሃል ላይ ተቋረጠ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭምቷ ከጭብጨባው የተነሳ ጆሮዋን ያዘች። እናቷ ግን ጭብጨባውም አልተሰማትም።

ቆመች። ልጇን አቅፋ ቆመች።

«ያቺ ሴት ለእህቷ ብትናገርስ ኖሮ?» አለች።

ዶክተሩ አወቋት። መነጽራቸውን አወለቁ። ጥናቱ እንዳይበላሽ ሲባል ልጅቷ ከወንበሯ ትነሳ ነበር፣ እርስዎም ሲጀመር ተስማምተው ነበር አሏት ቀስ ብለው። እጇ እስከ ክርኗ ቀለም እንደነበረ፣ ሁሉም እንደሳቀ፣ ከነቁልፉ ዋጡት እንዳለች ያኔ ትዝ አላት።

«ጥናቱስ አልተበላሸም» አለች። «ይመስገን። አልተበላሸም።» ልጇን እንዳቀፈች ወጣች።

ባሏን መጋዘኑ ደጅ አገኘችው። ጥፋቷን ልትናገር አፏን ስትከፍት እሱ ቀድሞ ቦርሳውን አስቀመጠና፣ እህትሽ ሐኪም ቤት ናት፣ ቶሎ እንሂድ፣ በኋላ ትነግሪኛለሽ አላት። ጭምቷን ይዛ ተከተለችው።

ታናሽየዋ በሐኪም ቤቱ መስኮት ሥር፣ በትራስ ተደግፋ እንደተቀመጠች ነበር፤ ከተጋደመች አየር ያጥራታል። እግሮቿ አብጠዋል፣ ፊቷ ግን ልጅ ሆኗል፤ በእህቷ ትከሻ የምትተኛዋ ያች ልጅ። ሐኪሟ ለባልየው ቀደም ብለው ነግረውት ነበር፤ ክትትሉ ባይቋረጥ ኖሮ ሌላ መንገድ ይኖር ነበር፣ አሁን መሽቶበታል ብለው። ታላቅየዋ አልጋው ሥር ተንበረከከችና ያበጡትን እግሮች ይዛ ፊቷን ቀበረችባቸው። የይቅርታ ቃል ፈለገች። ስንት ዓመት በምላስ ሥራ የሚውል ፀጉር ቤት ውስጥ ኖራ አንድ ቃል አጣች!

«አልነገርሽኝም...» አለች በመጨረሻ። «ምናለ ብትነግሪኝ? ምሥጢር እጠብቅልሽ አልነበረም ወይ?»

ታናሽየዋ ፈገግ አለች። ባል ሳይቀር ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ፀጉር ቤት ውስጥ፣ እትዬ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እንድትጠዪኝ ፈቀድኩ። ጥላቻሽ ያልፋል አልኩ። ወንበሩ ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

ጭምቷ ከበሩ እየሸሸች ነበር፤ የሐኪም ቤቱ ሽታና ድምፅ አስፈርቷታል። እናት ልትጎትታት እጇን ስትዘረጋ ታናሽየዋ ራሷን ነቀነቀች። ተያት፣ ጠብቂያት አለች በዓይኗ። ጠበቁ። መጠበቅ እንዲህ ይከብዳል? አክስት እስትንፋሷ እያለቀ፣ እናት እጇን በእጇ ይዛ፣ ልጅ በሩ ላይ እየተወዛወዘች... ጠበቁ። ጭምቷ በግድግዳው ታክካ መጣች። አልጋው ጋ ስትደርስ የአክስቷን ዓይን አላየችም፤ የማንንም ዓይን አታይም። ጉንጯን ብቻ በአክስቷ ክንድ ላይ አስቀመጠች።

«አየሽ» አለች ታናሽየዋ ለእህቷ። «ትችላለች። ራቂላት። ቀስ እያልሽ ራቂላት።»

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ እንደተኛች፣ የታናሽየዋ ልብ ቆመ። ታላቅየዋ እጇን ይዛ ነበር። አላለቀሰችም ይላሉ የነበሩት፤ እናት ከሞተችባት ልጇ አጠገብ የምትቀመጠውን አቀማመጥ ተቀምጣ፣ አንሶላውን ስታስተካክልላት፣ ስታስተካክልላት ዋለች።

ባል ወደ ቤቱ ተመለሰ። ልብስ ነጋዴዋ ዜና ለማጽናናት መጥታ ካስኩ ሥር ተቀመጠች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ማንም አላባረራት፤ ፀጉር ሠሪዋ ፀጉሯን ሠራችላት። ወሬ የሚያመጣው ሰው ጆሮ ካላገኘ ወሬው እንደሚሞት ለፀጉር ሠሪዋ የገባት ያን ቀን ነበር፤ ጆሮው ደግሞ የራሷ ነበር።

ቀሪው ወንበሩ ነው። ጭምቷ ዓመቱን ያለ ረዳት አልጨረሰችም፤ በስምምነቱ መሠረት ወንበሯ አብቅቷል። ዶክተሩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደው እንደ ምሁር ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ለመኑ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ፈቀዱ፤ ከቻለች ትመዘገባለች፣ ካልቻለች ግን ከእንግዲህ አይጠይቁኝ አሉ። እናት ከልጇ ጎን ተቀመጠች። ቀጥላ ክንድ የሚደርስበት። ቀጥላ ከኋላ። ቀጥላ በሩ ሥር። እያንዳንዱን መራቅ ከሥጋዋ እንደሚቆረጥ ቆረጠችው። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ወጣች።

ጠዋቱ ላይ ድንገት ዝናብ መጣና የቆርቆሮውን ጣሪያ ደበደበው። የጭምቷ ልቅሶ ተሰማ። እናት የተቀመጠችበትን አግዳሚ በሁለት እጇ ያዘች። ልቅሶው ጨመረ። አንዲት ልጇን ያደረሰች ወላጅ እያለፈች ቆም ብላ አየቻት፤ ልጅ እያለቀሰች እንዲህ ተደላድሎ የሚቀመጥ ምን ዓይነት አንጀት ነው ብላ ለራሷ የምትናገር መስላ ተናገረች። እናት ሰማች። አሁን የሚከለክላት ምሥጢር አልነበረም፤ ብትፈልግ ልታስረዳ ትችል ነበር። አላስረዳችም። ሴትየዋ የፈለገችውን ይዛ ትሂድ።

ከዚያ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። በበሩ ስንጥቅ፣ ጭምቷ እንደተነሳች አየች። ጆሮዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ ወደ መምህርቷ ሄደች። የመምህርቷን እጅ አነሳችና በሌላው ጆሮዋ ላይ አስቀመጠችው። መምህርቷ ገባት፤ ከመስኮቱ ራቅ ወዳለው ወንበር ወሰደቻት። ልቅሶው ቆመ። ጭምቷ ወደ በሩ አልዞረችም፤ እናቷን አልፈለገችም። ይህ ነበር የተለፋበት። ይህ ነበር የተሞተለት። እናት ልጇ ሳትፈልጋት በመቅረቷ ደስ አላት፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ በሐኪም ቤት እንቢ ያላት ዕንባ መጣላት።

ጭምቷ ተመዘገበች። ሰፈሩ ስለ አክስቷ ሲያወራ እጣ ፈንታ ነው፣ ቀኗ ነው ይላል። እጣ ፈንታ ደካማ ትከሻ ስላላት ሰው ሁሉ የራሱን ሸክም ይጭንባታል፤ እሷም አታስተባብልም። ግን ያን ቤት ያፈረሰው ከሰማይ የወረደ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ልጅቷን ሊያድን የፈለገ፣ ሁሉም የሚያውቀውን በደረቱ የያዘ፣ አንዱም ሌላውን ያላመነ ጥቂት ደግ ሰው ነበር። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ቢያንስ የሚረገም ይገኝ ነበር። አሁን ማን ይረገም? የሚርቅ ሁሉ የሚጠላ አይደለም፤ ይህን ማወቅ ግን እንደ ብዙ ነገር የሚመጣው፣ የራቀው ሰው ሊጠሩት ከማይችሉበት ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው...